ለሦስት የተከፈለ መላጊያ

ወይዘሮ እቴናት ውኃ መጠጣት ካቆሙ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። ጨርሰው እምቢ አላሉም። ብርጭቆውን ይቀበላሉ፣ ከንፈራቸውን ያርሳሉ፣ ከዚያ ራስጌያቸው ያስቀምጡታል። ምራታቸው ሂዊ ስትመለስ ብርጭቆው እንደሞላ ይጠብቃታል። «ጠጣሁ እኮ» ይላሉ። ሂዊም እንዳላየች ሆና ይዛው ትወጣለች።

ምክንያቱን በቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ወይዘሮ እቴናት መጋቢት ላይ ደብረ ወርቅ አጠገብ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሲሻላቸው ልጃቸው ምስጋናው ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው ቤቱ አመጣቸው። ሐኪሞቹ ቁጢጥ ማለት እንደማይችሉ ነግረውታል። የምስጋናው ሽንት ቤት ደግሞ ከግቢው ጥግ ነው፤ ቁጢጥ ካላሉበት አይሆንም። ስለዚህ ምራት በአንድ ብብት፣ ልጅ በሌላው ብብት ገብተው አንጠልጥለው ይወስዷቸዋል። ጸጉራቸውን እንኳ ለልጆቻቸው ገልጠው የማያውቁ ሴት፣ ወንድ ልጃቸው ፊት ቀሚሳቸውን መሰብሰብ ግድ ሆነባቸው። እሳቸውም ዘዴ አበጁ። ካልጠጡ አይሄዱም።

በየሰፈራችን ራስጌያቸው ውኃ ተቀምጦላቸው የሚጠሙ ስንት እናቶች እንዳሉ የሚቆጥርልን የለም። ሲደክሙ እርጅና ነው እንላለን፤ ሲቃዡ ትኩሳት ነው እንላለን። ሄደን የሽንት ቤታችንን ደጃፍ የምናይ ጥቂት ነን።

ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ባለሙያ ግን አየችው። ምስጋናውን ወደ ውጭ ጠርታ፣ «ሽንታቸው ጠቁሯል። በዚህ ከቀጠሉ ኩላሊታቸው ይጎዳል። ተመልሰው ከተኙ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜ መነሳታቸውን እንጃ» አለችው።

«እሺ» አላት።

ምስጋናው ከኅዳር ወዲህ ለሁሉ ነገር መልሱ እሺ ነው። ኅዳር ላይ አባቱ አቶ እንዳላማው ሞቱ። ቀበራቸው፣ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፣ ለመጣው ሁሉ ብድግ ቁጭ አለ፣ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ፣ «ጠንካራ ሰው ነህ» አሉት። ጠንካራ አልነበረም። ዝም ብሎ ደንዝዞ ነበር። የበላው ምግብ አይጣፍጠውም፣ አይመረውም። ሰው ሲያወራው አፉን ያየዋል እንጂ ነገሩ አይገባውም። ደህና ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል፤ ውሸትም እውነትም ሆኖ አይሰማውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ ወዳከላት ክፍል ይገባል። ሙያው የቢሮ ሥራ ቢሆንም ያናጺ ልጅ ነውና እንጨት መነካካት ይወዳል። መደርደሪያ፣ በርጩማ፣ የዶሮ ቤት ይሠራል። የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ግራይንደር፣ መሰርሰሪያ፣ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም የራሱ ነው። ከአባቱ የደረሱት ዕቃዎች ማዳበሪያ ውስጥ ታስረው ጥግ ተጥለዋል። ከነሱ መካከል አንዲት መዳፍ የምታክል የእንጨት መላጊያ በሩን ነፋስ እንዳይመታው ከሥሩ ትደገፍበታለች።

መላ ያመጣችው ሂዊ ናት። «መሐሉ ክፍት የሆነ ወንበር ሥራላቸው። ከሥሩ ባልዲ እናስገባለን። ከአልጋቸው አጠገብ መጋረጃ ጋርደን እናስቀምጠዋለን፣ ብቻቸውን ይጠቀማሉ» አለችው።

«እሺ» አለ፤ ቅዳሜ ሠራው። የባሕር ዛፍ ጣውላ ቆረጠ፣ መሐሉን በኤሌክትሪክ መጋዙ ፈለፈለ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። እስከ ማታ አለቀ። ጠንካራ ወንበር ነበር፤ ዝሆን ቢቀመጥበት አይነቃነቅም። ወይዘሮ እቴናት ዳብሰውት፣ «ጎበዝ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» አሉ። የዚያን ቀን አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠጡ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሂዊ አንሶላ ስትቀይር ደም አየች። ጭናቸው ውስጥ የጥፍር ያህል ስንጥር ገብቶ አብጦ ነበር። በእሳቸው ዕድሜ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፣ የብርጭቆ ወረቀት ፍትጊያ ያላወጣውን የባሕር ዛፍ ስንጥር አይችልም።

«እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለፍቶ የሠራውን ልጅ ምን ብዬ ልናገረው?»

ወንበሩ ወጣ። ውኃውም ቀረ፤ አሁን ከንፈር ማራሱም ቀረ፤ ሂዊ ለምና በማንኪያ የምታቀምሳቸው አጥሚት ብቻ ሆነ።

ሂዊ ስንጥሩን በጥጥ ላይ አድርጋ ለባሏ አሳየችው። ምስጋናው ቆሞ አየው። የሆነ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ፤ ንዴት ወይም ሐፍረት ወይም እንባ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ያ አስፈራው። እናቱ እያያቸው ሊሞቱበት እንደሚችሉ ያውቃል፣ ማወቁ ግን ልቡ ድረስ አይወርድም።

ሂዊ ተከትላው ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ገባች። እግሯ መላጊያዋን መታት። ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ሆዷ እንደ ሌላው መላጊያ ጠፍጣፋ አልነበረም፤ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሏል።

«ይቺ ያባትህ አይደለችም? ለምን በሷ አታለሰልሰውም?»

«ብረት የላትም።»

«ብረቷስ የት ሄደ?»

«ተካፈልነው።»

ሂዊ የቀለደ መስሏት ፊቱን አየችው። አልቀለደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ናቸው። ትልቋ አይናለም ደብረ ወርቅ አጠገብ ባለትዳር ናት፤ ምስጋናው መካከለኛው ነው፤ ትንሹ ትዕዛዙ ጉንደ ወይን ሱቅ አለው። ከአባታቸው አርባ ማግስት፣ ጥር መግቢያ ላይ፣ ለክፍፍል ተቀመጡ። በአገራችን ወግ ንብረቱ በእኩል ይመደብና ዕጣ ይጣላል። አይናለም የጨርቅ ቁራጭ፣ ምስጋናው ጠጠር፣ ትዕዛዙ የባቄላ ፍሬ ሰጡ። የማን የማን እንደሆነ ያላየች ጎረቤት በየመደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው። ወጉ ደግ ነው። ስንቱን ቤት ከደም አድኗል። በተለይ እነዚህ ሦስቱ ልጆች፣ የአባታቸው ወንድሞች በአንዲት የመስኖ መሬት አሥራ አንድ ዓመት ሲካሰሱ እያዩ ነው ያደጉት። ስለዚህ ከድህነት ይልቅ መበላለጥን ይፈሩ ነበር።

መሬቱ ተከፈለ፣ ከብቱ ተከፈለ፣ ጋኑና ምንቸቱ ሳይቀር ተከፈለ። ከዚያ ወደ አናጺው ዕቃ መጡ። መጋዙ ለትዕዛዙ፣ መጥረቢያው ለአይናለም፣ መዶሻው ለምስጋናው። መሮዎቹ ሦስት ስለነበሩ አንድ አንድ። ሰፊው መሮ ያለ ጠባቡ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም። በመጨረሻ ያቺ ሆደ ጎባጣ መላጊያ ቀረች። አቶ እንዳላማው የከበሮ አፍና የገበታ ከንፈር የሚያለሰልሱባት፣ በገዛ እጃቸው ከወይራ የቀረጿት መላጊያ ነበረች።

«ወይ ለሁላችን ወይ ለማናችንም» አለ ትዕዛዙ።

ክፍፍሉን የመሩት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ «ልጆቼ፣ ይቺ ተከፍላ ምን ትረባለች? እጁ ለሚሠራባት ለአንዳችሁ ስጡ» አሉ።

«መሪጌታ፣ ዛሬ መላጊያ ያለ ነገ መሬት ይላል» አለች አይናለም።

ምስጋናው ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለሰው ሚኒባስ እንዳያመልጠው ሰዓቱን ያይ ነበር። የሰው ድምፅ ሰልችቶታል። መዶሻውን አነሳና የመላጊያዋን ጀርባ ሁለት ጊዜ ቆረቆረ። ብረቱን ወጥሮ የሚይዘው ሽብልቅ ዘሎ ወጣ፤ ብረቱም ተከትሎ ወደቀ። «ይኸው ሦስት» አለ። ገላው ለሱ፣ ብረቱ ለትዕዛዙ፣ ሽብልቁ ለአይናለም ደረሰ። ሰዎቹ ሳቁ። ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ እቴናት፣ «ልጄ፣ እሱ አንድ ላይ ነው እኮ የሚሠራ» አሉ። ምስጋናው ግን ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።

ይህን ለሂዊ ሲነግራት ድምፁ አልተለወጠም። ሂዊ መላጊያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በል ሂድና ሰብስባት» አለችው፤ ወጣች።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ጉንደ ወይን ሄደ። ትዕዛዙ ሱቁ ውስጥ ካርቶን እየከፈተ አገኘው። የሚከፍትበት ብረት የመላጊያዋ ብረት ነበር። ጫፉ ተሸራርፏል።

«እሱን ብረት ፈልጌ ነው የመጣሁ» አለው ምስጋናው።

ትዕዛዙ ሳቀ። «ምነው ወንድሜ፣ የኔን ድርሻ? ነገ አይናለም ብትሰማ ለሱ ሰጠህ፣ ለኔ ምን ሰጠኸኝ አትልም? የተካፈልነውን መልሶ መቀየጥ ነገር ይወልዳል። ደግሞ ብረት ነው፣ አዲስ መላጊያ ሱቅ ሞልቷል።»

«ሆዷ የጎበጠ የለም። ጠይቄአለሁ።»

«ታዲያ ያረጀ ዕቃ ምን ያደርግልሃል? አንተ እንኳ የኤሌክትሪክ አለህ።»

«እማዬ ውኃ አትጠጣም» አለ ምስጋናው። ሌላ የሚለው አልነበረውም። ለምን እንደማይጠጡ፣ ስንጥሩንም፣ የጤና ባለሙያዋ ያለችውንም እንደ ዕቃ ዝርዝር ተራ በተራ ነገረው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ትዕዛዙ ካርቶኑን ተወው። በየሳምንቱ ይደውላል፤ እናቱም በስልክ «ደህና ነኝ፣ ምን ጎደለብኝ» ይሉታል፤ እሱም ያምናል። ብረቱን በሱሪው ጠረገና ሰጠው። «አበላሸሁት መሰል» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያም እስከ መኪናው ድረስ ሸኘው።

ከዚያ ደብረ ወርቅ ሲደርስ አይናለም ወንድሟን ገና ስታየው ተደናገጠች፤ የእናቷን መርዶ ይዞ የመጣ መሰላት። ሽብልቁን ፈልጎ እንደሆነ ሲነግራት ሌላ ድንጋጤ መጣባት።

«የቱን ሽብልቅ?»

«የመላጊያዋን። ድርሻሽን።»

ምድጃዋን አየች። «ምስጋናውዋ... ቁራጭ እንጨት ነበር እኮ። የደረሰኝን አትጣዪው ብዬ እስከ የካቲት አስቀምጨው ነበር። አንድ ቀን እንጨቱ ረጥቦ እሳት እምቢ ሲለኝ ማቀጣጠያ አደረግሁት።» ከዚያ፣ «እኩል ይሁን እኩል ይሁን ስል፣ ያባቴን እጅ ማገድኩት» አለች፤ አለቀሰች።

ምስጋናው ስታለቅስ አያት። ቀናባት። የሚያለቅስ ሰው ያደለው ሰው መሰለው።

ስትሸኘው ቆጥ ላይ የነበረ የአባታቸውን የደረቀ የዋንዛ ጣውላ አወረደችለት። «ይኼም የኔ ድርሻ ነው። ውሰደው» አለችው።

ቅዳሜ አዲስ ወንበር መሥራት ጀመረ። ብረቱን ሞረደው፣ ሳለው፣ ስለቱ ተመለሰ። አቶ እንዳላማው ያሠሩት ከመኪና ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ስለነበር ካርቶን አልጨረሰውም። ዋንዛውን በኤሌክትሪክ መጋዙ ቆረጠው፤ ለመቁረጥ እንደሱ ያለ የለም። የጠፋውንም ሽብልቅ ከዋንዛው ፍላጭ ሠርቶ ብረቱን አጠበቀ። መላግ ጀመረ። መላጊያዋ ዘለለች። እንጨቱን ትነክሰዋለች፣ ትለቀዋለች፣ እንደገና ትነክሰዋለች። አጠበቀው፤ እንደገና ዘለለች።

የወይዘሮ እቴናት አልጋ ከቆርቆሮዋ ክፍል ትይዩ ባለው መስኮት ሥር ነው። ድምፃቸው መጣ። ደካማ ነበር።

«ምስጋናው፣ ብረቱ እየዘለለብህ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ እማዬ?»

«አርባ ሦስት ዓመት ስሰማው ኖሬ? ሽብልቁን ከምን ሠራኸው?»

«ከዋንዛ።»

«ዋንዛ ይጨመቃል። አባትህ ከወይራ ነበር የሚያደርግ። ጫፉን አሳሳው፣ ጀርባውን አትንካበት።»

ከተሰበረ የመጥረቢያ እጀታ የወይራ ቁራጭ ፈለገና ሠራ። ገጠመው፣ ላገ።

«አሁንም ይንቋቋል» አሉ ከውስጥ። «ጣውላውን አዙረው። ተቃርነኸው ነው የምትልግ። የእንጨቱ ክር በሄደበት ሂድ።»

አዞረው። መላጊያዋ ሄደች። ስስ ፍቅፋቂ ከአፏ እየተጠቀለለ ወጣ፤ ድምፁም ተለወጠ፣ አንድ ረጅም ሹክሹክታ ሆነ። ምስጋናው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ልጅ ሳለ ጠዋት ጠዋት የሚነቃበት ድምፅ ነው።

«እሱ ነው» አሉ ወይዘሮ እቴናት።

ቀና ሲል በመስኮቱ አያቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለዋል። አባቱ የሞቱ ያኔ መሰለው። ስድስት ወር ሙሉ የሰው ለቅሶ ሲቀመጥ የከረመ ሰው ይመስል፣ ሐዘኑ የራሱ እንደሆነ ያኔ ገባው። እንባ አልመጣለትም። ደረቱን አመመው፤ ማመሙ ግን ደስ አለው።

«ለምን አቆምህ?» አሉ ከነጠላው ሥር።

ቀጠለ። የመቀመጫውን ከንፈር፣ የጀርባውን መደገፊያ፣ እጅ የሚያርፍበትን ሁሉ ላገው። ሲጨርስ ጉንጩን አስጠግቶ ሞከረው። አዲሱ መሣሪያው የአንድ ቀን ሥራውን በአንድ ሰዓት ጨርሶለት ነበር፤ የቀረውን ግን እሱ አይችለውም። ምስጋናው የኤሌክትሪክ መጋዙንና መላጊያዋን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፣ በሩንም በድንጋይ አስደገፈ።

ከሁለት እሁድ በኋላ አይናለምና ትዕዛዙ እናታቸውን ሊጠይቁ መጡ። ሁሉም ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ወይዘሮ እቴናት ምርኩዛቸውን ያዙና ተነሱ። ትዕዛዙ ሊደግፋቸው ብድግ አለ፤ ሂዊ በዓይኗ አስቀመጠችው። ብቻቸውን ከመጋረጃው ጀርባ ሄዱ፤ ብቻቸውን ተመለሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ውኃ አሉ። ሂዊ ሰጠቻቸው። እስከ መጨረሻው ጠጡት። «ድገሚኝ» አሏት።

አይናለም ከዘንቢሏ መጥረቢያውንና መሮዋን አውጥታ ምስጋናው እግር ሥር አስቀመጠች። ትዕዛዙም መጋዙን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል። አንድ ሣጥን ሠርቶ አንድ ላይ እንዲያኖራቸው፣ ማንም ሥራ ያለው መጥቶ እንዲሠራባቸው ወይም ወስዶ እንዲመልሳቸው ተስማሙ። መጋዙ ለመላጊያዋ፣ መላጊያዋም ለመሮው ታስፈልጋለች። እጅ ያሟሸውን ዕቃ እንደ ጤፍ ሰፍረን ስንካፈል የምናተርፈው ብረትና ማገዶ ነው። ወላጆቻችን ያወረሱን ዕቃ ውስጥ አሠራሩም አለ፤ አሠራሩን የሚያውቅልን ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ማንም ያልጠየቀው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ነው። ይህን ምስጋናው በዘገየ ጊዜ አወቀው፤ ግን አወቀው። እኛም ሳይመሽብን ብናውቀው ደግ ነው።

ወይዘሮ እቴናት ሁለተኛውን ብርጭቆ እንደያዙ ሦስቱን ተራ በተራ አዩአቸው።

«ይኼ ወንበር አራት እግር አለው፤ እናንተ ሦስት ናችሁ» አሉ። «እኔ ስሞት እንዴት እንደምትካፈሉት ጨነቀኝ።»

ትዕዛዙ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። አይናለም አንገቷን ደፋች።

«አንካፈለውም እማዬ» አለ ምስጋናው።

«ታዲያ ማን ሊወስደው ነው?»

«የቸገረው።»

«ከሦስታችሁ?»

«ከሦስታችን። ከጎረቤትም።»

ውኃቸውን ጎንጨት አሉ። «ጥር ላይ እንዲህ የሚናገር ልጅ አልነበረኝም» አሉና ብርጭቆውን ጨርሰው ለሂዊ ሰጧት።